የቁልቋሉን ሥዕል ማን ሣለው?

ባለፈው ክረምት አንድ ጥፋት ሠራን። ከቆላ የመጣች፣ ግንዷ ከሥሩ እንደ ሕፃን ሆድ የተነፋ፣ አበባዋ ሮዝ የሆነ አንዲት ተክል ከአበባ ሻጭ ገዝተን፣ በቢጫ የዘይት ጀሪካን ተክለን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደጃፋችን ላይ አስቀምጠናት ነበር። በጋውን ሙሉ አበበች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው እሷን ሆነ። ከዚያ ሐምሌ ገባ። የሰማዩ ዝናብ አልበቃ ብሎን እኛም “ጠምቷት ይሆናል” እያልን ጨመርንላት። ነሐሴ ላይ ግንዷን ስንነካው ጣታችን እንደ ተቀቀለ ድንች ውስጥ ሰመጠ። ሸተተች። ሞተች።

ጥለናት ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ አዩንና ሳቁብን። “አይ ልጆቼ! አገሩ ሁሉ ቁልቋል ሆኖ ሳለ ምን አጥታችሁ ነው በጀሪካን የምትተክሉት?” አሉን። እኛም ይቺኛዋ ቁልቋል አለመሆኗን፣ ውጭ አገር ስንትና ስንት ሰው እንደሚሰበስባት ለማስረዳት ሞከርን። አዳመጡንና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ “ስሟስ ማነው?”

የላቲኑን ስም አልንላቸው። “እሱን አላልኩም፤ አገሯ ላይ ማን ይሏታል?” አሉን።

ዝም።

“ከየት ቀበሌ መጣች?”

አሁንም ዝም።

“እንግዲህ ስሟንም አገሯንም ሳታውቁ ቀበራችኋት በሉኛ!” ብለው ገቡ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ እፍረት ነው። እነዚህን ውኃ በግንዳቸውና በሥራቸው የሚያከማቹ እንግዳ መልክ ያላቸው ተክሎች መውደድ የዛሬ ፋሽን ይመስላል እንጂ ታሪኩ ረጅም ነው። ያን ታሪክ ስናገላብጥ ደግሞ የእትዬ ጥያቄ በየገጹ ጠበቀን፦ ስሟ ማነው? ከየት መጣች? ማን አገኛት? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፋችንን ልብ ይሏል።)

ወፍራሟ ሴትዮ

መጀመሪያ የሟቿን ታሪክ እንጨርስ። ተክሏ በሳይንስ ስሟ አዴኒየም ኦቤሱም ትባላለች። “ኦቤሱም” ማለት ወፍራም ማለት ነው። ብዙ ሰው “የበረሃ ጽጌረዳ” ይላታል፤ ከጽጌረዳ ጋር ግን ዝምድና የላትም። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ካለው ደረቅ ምድር ጀምሮ በእኛ ቆላዎች አልፋ እስከ አረቢያ ድረስ ትበቅላለች። ሆዷ ስንቋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ትጠጣለች፣ ሲጠፋ ቅጠሏን አራግፋ ከሆዷ እየበላች ትቆያለች። እንዲህ ያለችውን ተክል በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድና ጭቃ ውስጥ አቁሞ ውኃ መጨመር፣ ጠግቦ የተኛን ሰው ቀስቅሶ በግድ እንደማጉረስ ነው። ፈሳሿ ደግሞ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ በተለያዩ ቦታዎች አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር።

ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት ፔር ፎርስኮል የተባለ የሊኔየስ ተማሪ ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ አረቢያ በላከው ጉዞ ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ወደ የመን የገቡት በ1762 መጨረሻ ላይ ነው። ፎርስኮል በሐምሌ 1763 ያሪም በተባለች የየመን ከተማ በወባ ሞተ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከስድስቱ ተጓዦች በሕይወት አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ኒቡር የጓደኛውን ማስታወሻ ተሸክሞ ገባ፤ በ1775ም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በመጽሐፉ ላይ የደራሲው ስም ኒቡር ሳይሆን ፎርስኮል ነው። ይቺን ነገር ያዙልን፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ፎርስኮል ሌላም ደግ ነገር አድርጓል። የሚያገኛቸውን ተክሎች ያገሬው ሰው በአረብኛ ምን እንደሚላቸው እየጠየቀ ጽፏል። በ1819 ሁለት የአውሮፓ ምሁራን ወፍራሟን ለብቻዋ ወገን አድርገው ሲያወጧት የሰጧት “አዴኒየም” የሚለው ስምም ከአረብኛ የመጣ ነው። እኛ ስሟን ስንጠየቅ ዝም አልን፤ እሱ ግን በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ እየታመመ ጠይቋል።

ጎራዴና ወተት

አሁን ወደ እትዬ ቁልቋል እንምጣ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ወረደ። ወደ ደጋው ሲወጣ የታራንታን ተራራ መሻገር ነበረበት። ስለዚያ ዳገት የጻፈውን ያነበበ ሰው የአገራችንን ተራራ በዓይኑ ያየዋል፤ ከግርጌው ቁልቋል፣ ከወገቡ ወይራ፣ ከአናቱ የጥድ ደን። ቁልቋልን መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላም በሌላ ቦታ እንደዚያ ያማረ አላየሁም ይላል።

ታዲያ ብሩስ አድናቆቱን የገለጸው ጎራዴ በመምዘዝ ነበር። ሁለት ምርጥ ቅርንጫፎችን ቆረጠ። አራት የእንግሊዝ ጋሎን ያህል ወተት ፈሰሰ ይለናል። ጎራዴውን ወዲያው ቢያጥበውም እድፉ አልለቅ አለው። ያረጀው ዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ብናኝ ደግሞ እያስነጠሰ አስቸገረው። ያገሬው ሰው በዚህ ወተት ቆዳ እንደሚያለፋበትም መዝግቧል። ቁልቋል ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን ገና ዳዴ ስንል ነግረውናልና። ዛሬም በማሰሮ የምትተክሉት ካላችሁ ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፤ ቁራጩንም ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ እርጥቡን ከቀበራችሁት ይበሰብሳል።

ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ አሳተመ። በመጨረሻው ቅጽ የተክሎችና የእንስሳት ሥዕሎች አሉ። ቁልቋል እዚያ ቆሟል፤ ከነጠርዙ፣ ከነእሾሁ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው። ስሙንም እኛ እንደምንጠራው “ኮል-ኳል” ብሎ ጽፎታል። እንሰትም አለ፣ ኮሶም አለ፣ ዋጊኖስም አለ።

በዓመቱ በ1791 ጎቲንገን ከተማ የሚኖር ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ የሊኔየስን መጽሐፍ አስፋፍቶ ሲያሳትም ቁልቋልን “ኢዮፎርቢያ አቢሲኒካ” አለው። ግሜሊን አገራችንን አይቶ አያውቅም። “ኮል-ኳል” የሚለው ስም ከሳይንሱ መዝገብ ወጣ። ዋጊኖስ ደግሞ የባሰ ዕጣ ገጠማት። ያገሬው ሰው ለተቅማጥ የሚያውቃት መድኃኒት፣ ብሩስንም ከሕመሙ ያዳነችው እሷ ሆና ሳለ፣ “ብሩሲያ” ተብላ በታካሚዋ ስም ተጠራች። ያዳነችው እሷ፣ የተመሰገነው እሱ!

የጠፋው ሰው

አሁን ወደ ርዕሳችን ደረስን። ያን የቁልቋል ሥዕል ማን ሣለው?

ብሩስ አንባቢው “እኔ ነኝ” ብሎ እንዲያምን አድርጎ ነው የጻፈው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በ1737 ቦሎኛ የተወለደ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ብሩስ በ1765 ቀጠረው። ሰሜን አፍሪካን፣ ሶርያን፣ ግብፅን አብረው ዞሩ። ምጽዋም አብረው ወረዱ፣ ታራንታንም አብረው ወጡ፣ ጎንደርም አብረው ገቡ። ብሩስ ቤተ መንግሥቱን ሲላመድ፣ ዘመቻ ሲከተል፣ በሽተኛ ሲያክም፣ ባሉጋኒ ቁጭ ብሎ ቅጠል ይሥላል፤ የአየሩንም ሁኔታ ይመዘግባል። በኅዳር 1770 ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ የአባይን ምንጭ “አገኘሁ” ሲል ባሉጋኒ አብሮት ነበር፤ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ይመሰክራል። በ1771 ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። በ34 ዓመቱ ገደማ መሆኑ ነው።

ብሩስ በመጽሐፉ ምን አለ? ሠዓሊው ወደ ኢትዮጵያ ከገባን ብዙም ሳይቆይ ሞተ አለ። ግሽ ላይ ባሉጋኒ የለም። ምንጩን ያየው ፈረንጅ አንድ ብቻ እንዲሆን ሁለተኛው ቀድሞ መሞት ነበረበት፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ቀድሞ ሞተ። (ያገሬው ሰው ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ማወቁን፣ የፖርቱጋልና የስፔን ካህናትም ከብሩስ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀድመው ማየታቸውን ለጊዜው እንተወው።)

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። ብሩስ ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ለንደኖች ሰምተው ሳቁበት፤ ውሸታም አሉት። ጥሬ ሥጋ መብላታችን እውነት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። እውነት የተናገረበት አልታመነም፤ የሸሸገው ግን ለረጅም ዘመን ተሸሽጎ ቆየ።

ሥዕሎቹ በብሩስ ወራሾች እጅ ቆይተው በመጨረሻ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ገቡ። በ1991 ፖል ሃልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ የተባሉ ሦስት ምሁራን ሥዕሎቹን አጥንተው በመጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉ ርዕስ ላይ ስሙ የተጻፈው የማን ነው? የሉዊጂ ባሉጋኒ። ከሞተ ከ220 ዓመት በኋላ።

አሁን ያቺን የያዛችሁልንን ነገር አውጡና አስተያዩ። ፎርስኮልም ባሉጋኒም በባዕድ አገር በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ። የአንዱ ጓደኛ ስሙን ተሸክሞ ገባ፤ የሌላው ጓደኛ ሥራውን ተሸክሞ ስሙን ጎንደር ትቶት ሄደ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የቪየናዋ ብቸኛ

“ይህ የሰው ታሪክ ነው፤ ለተክሉ ምን ያደርግለታል?” የሚል አይጠፋም። መልሱን ከቪየና እናገኛለን።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ለሾንብሩን ቤተ መንግሥቱ የአትክልት ስፍራ ተክል የሚለቅሙ ሰዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከ። ከላኩለት መካከል ፎኬያ የምትባል ሆደ ትልቅ ተክል ነበረች። ከሩቅ ስትታይ ኮረት ድንጋይ፣ ከላይዋ ቀጫጭን ሐረግ። ዓመታት አለፉ። አውሮፓ ውስጥ ሌላ አልተገኘችም። ከመቶ ዓመት በላይ የወገኗ የመጨረሻዋ ናት ተብሎ ታመነ። ንጉሦች መጡ ሄዱ፣ ግዛቱ ፈረሰ፣ እሷ በማሰሮዋ ቆየች። ዛሬም እዚያው አለች፤ በማሰሮ ከሚኖሩ እንዲህ ያሉ ተክሎች በዕድሜ የሚስተካከላት የለም ይባላል።

ታዲያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እህቶቿ ተገኙ። የት? መጀመሪያም በነበሩበት፣ ደቡብ አፍሪካ ካሩ ውስጥ፣ ከድንጋዮቹ መሐል። ጠፍተው አያውቁም ነበር። የጠፋው የመጣችበት ቦታ ነው። ከየትኛው ኮረብታ እንደተነቀለች በቅጡ አልተያዘም። የዘመዶቿን ሥር ቆፍሮ የሚበላውን ያካባቢውን ሕዝብ ደግሞ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ቁራጭ ወረቀት በመጉደሉ አንድ ሕያው ዘር ለመቶ ዓመት “ጠፋ” ተባለ።

ለዚህ ነው ቁም ነገረኛ ሰብሳቢ ዛሬ ተክል ሲቀበል ከአበባዋ በፊት ወረቀቷን የሚጠይቀው፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ የሰበሰበው ሰው። ወረቀት የሌላት ተክል ብታምርም ወላጅ አልባ ናት። ብትሞት የት ሄደን እንደምንተካት አናውቅም፣ በትውልድ ቦታዋ ስታልቅም ያለቀችው እሷ መሆኗን አናውቅም። እትዬ ይህን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቁታል።

የአንኮበር እሬት

እውነት ለመናገር እኛ በነዚህ ተክሎች ላይ “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” የሚለውን ተረት አሟልተናል። ቁልቋልን አጥር አደረግነው። ቅንጭብንም እንዲሁ። እሬትን የመረረ ነገር ምሳሌ አደረግናት፤ ኑሮ ሲከብደን “እሬት ሆነ” እንላለን፤ ከእኛም ጡት ለመጣል እሬት የተቀባባቸው አሉ። እንዲያውም ከአሜሪካ የመጣውን፣ ፍሬውን “በለስ” የምንለውን ባለ እሾህ ተክልም ቁልቋል ብለን አንድ ላይ ጠቀለልናቸው። ዘመድ አይደሉም። ያኛው ካክተስ ነው፤ ወገኑ ከአንዲት ዝርያ በስተቀር በተፈጥሮው የአሜሪካ ምድር ነው። የእኛ ቁልቋል ሲቆረጥ ወተት ያወጣል፤ ካክተሱ በለስ ግን ወተት የለውም። ሁለቱም ለድርቅ አንድ ዓይነት መላ ስለዘየዱ ብቻ ተመሳሰሉ።

ግን ሁላችንም አልተኛንም። በ1980 የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ የመመዝገብ ሥራ ተጀመረ፤ የመጨረሻው ቅጽ የወጣው በ2009 ነው። በእነዚያ 30 ያህል ዓመታት ውስጥ ጦርነትም የመንግሥት ለውጥም አለፈ፤ ምዝገባው አልተቋረጠም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከዋናዎቹ ባለ ድካሞች አንዱ ናቸው። በ1997 ከማይክል ጊልበርት ጋር ሆነው ለሳይንስ አዲስ የሆኑ እሬቶችን ሰየሙ። አንዷን “አሎ አንኮበሬንሲስ” አሏት፤ የአንኮበር እሬት። ሌላዋን “ፑልኬሪማ” አሏት፤ “እጅግ ውቢቱ” ማለት ነው። መራራዋን እሬት እጅግ ውቢቱ ያላት ስም ነው፤ ከሰያሚዎቿም አንዱ የአገሯ ሰው ናቸው። ከ1791 እስከ 1997 የተጓዝነው መንገድ በዚህች በአንዲት ስም ይለካል። ጎቲንገን ተቀምጦ ከመስየም፣ ገደሉ ድረስ ወርዶ አይቶ የአንኮበርን ስም እስከ መስጠት።

ጎራዴው አልገባም

ታሪክ ነው ብለን እንዳንተኛ አንድ ነገር እንጨምር። የብሩስ ጎራዴ ወደ ሰገባው አልገባም። ከ2019 ወዲህ በዚያው በፎኬያ አገር በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር ኮኖፊተም የሚባሉ ጠጠር የሚያካክሉ ተክሎች በጆንያ እየተዘረፉ ነው። ፎቷቸው በስልክ ዓለምን ዞረ፣ ኮሮና ቤት የዘጋበት ሁሉ በመስኮቱ ላይ ፈለጋቸው፣ ደላላ ችግረኛ ወጣቶችን እየከፈለ አስነቀላቸው። በፖሊስ የተያዙት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። አንዳንዱ ዝርያ የሚበቅለው በአንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

የእኛዎቹም ፈላጊ አላቸው። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ የዱር ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ናት፤ የአገራችን እሬቶችና ቁልቋሎች ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር የለባቸውም። ሕጉ አለ። ነገር ግን ስሙን የማያውቁትን ነገር ተሰረቀ ብሎ የሚጮህ የለም። ያቺ በጀሪካን የበሰበሰችው የኛዋ ራሷ ከዘር በቅላ ይሁን ከመስክ ተነቅላ እስከ ዛሬ አናውቅም። እንግዲህ ሌባን ስንረግም ጣታችን ወደ ራሳችንም ይዞራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሌላ መላ ይዘናል። ከታወቀ አብቃይ ዘር አመጣን። ወፍራሟ ሴትዮ ከዘር ስትበቅል ነው ሆድ የምታወጣው፤ ከቅርንጫፍ ብትተከል በቀላሉ አትወፍርም። አሸዋና ጠጠር በዝቶ አፈሩ ጥቂት የሆነ ድብልቅ ሠራን፣ የጀሪካኑን ታች በሳሳን፣ ክረምት ሲገባ ከቆርቆሮ ሥር ልናስገባትና ውኃ ልንከለክላት ወሰንን። ታይላንድና ታይዋን ውስጥ አብቃዮች ከዘር ዘር እያዳቀሉ ድርብርብ አበባ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ በረሃውን መንቀል አላስፈለጋቸውም። ትዕግሥት ብቻ።

አሥራ አንድ በቅለዋል። ከጣት አይበልጡም፤ ሆዳቸው ግን ከአሁኑ ገፋ ገፋ ብሏል። በእያንዳንዷ አጠገብ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጽፈናል፦ ስም፣ ዘሩ የመጣበት ቦታ፣ የተዘራበት ቀን፣ ዘሩን የሰጠን ሰው። “አገሯ ላይ ማን ይሏታል?” ለሚለው ጥያቄ አንድ መስመር ባዶ ትተናል። በሚቀጥለው ቆላ ስንወርድ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው።

እትዬ ትናንት መጥተው አዩአቸው። ጎንበስ ብለው እንጨቱን አነበቡ። “እንዲህ ነው እንጂ!” አሉ፤ ከዚያ ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ “ውኃ እንዳታበዙ ብቻ።”

ቸር ይግጠመን።